«ግትር» ብዬ የጻፍሁባት ሴት

ቃሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያስጻፈኝ ሰው አለ፤ ብዕሩ ግን በእጄ ነበረ፤ ከወረቀቱ ግርጌ «ጸሐፊው» ብዬ የፈረምሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ አሁን በስተርጅና ይህን ሳወራ ጥፋቱን ለሌላ ሰው ላሸክም አልችልም።

በንጉሡ ዘመን ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ንፋስ መውጫ፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ሣጥን ገልብጬ ፊቴ አስቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። እንደኔ ያሉ ሦስት አራት ጸሐፊዎች ነበርን። ነፋሱ ወረቀት ስለሚነጥቅ እያንዳንዱ ሉክ ላይ ጠጠር እንጭናለን፤ ስንጽፍ ደግሞ ወረቀቱን በክንዳችን ተጭነን ነው። ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኝ ነበር። አረፍተ ነገርም አሳምራለሁ። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ከማሳመሩ ነው።

የተወለድሁት እስቴ ነው። አባቴ እርፍ ሊያስጨብጠኝ ሞክሮ አልሆን ሲለው ለአጥቢያችን ቄስ ሰጠኝ። ቄሱ ዳዊት አስደግመው ወደ ቤተ ልሔም ሰደዱኝ። እዚያ ከድጓው መምህር ከየኔታ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀመጥሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ጓደኞቼ ቀለም ሲቀጽሉ፣ የኔታን ሳልሰናበት አኩፋዳዬን አንግቼ ወጣሁ። ማንም አልበደለኝም። እግሬ አይረጋም ነበር፣ ይኸው ነው። አንድ ቦታ ሰንበት ብዬ ስቀመጥ ጭኔን ጉንዳን የሚወረኝ ይመስለኛል፤ ብድግ ብዬ ካልዞርሁ ትንፋሽ ያጥረኛል። ንፋስ መውጫ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ዓይኔ ግን ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ማማተር ጀምሮ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ አንድ የስማዳ ሰው መጣ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ መሬት መሬት እያየ የሚናገር ገበሬ ነው። ከሣጥኔ ፊት ቁጢጥ አለና በዱላው አፈር እየጫረ የክሱን መልስ አስጻፈኝ።

«ጻፍ» አለኝ። «እኅቴ ከሳኛለች። የአባታችንን ርስት አካፍለኝ ነው የምትለው። ድርሻዋን ስትዳር በከብት ወስዳለች። ባሏ እስቴ ሞተባትና ተመልሳ መጣች፤ ከመጣች ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሽማግሌ ላክሁ፣ እምቢ አለች። ቄስ ላክሁ፣ እምቢ አለች። ግትር ናት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

እኔም ያለውን በሕግ ቋንቋ አበጃጅቼ ጻፍሁ። ወደ መጨረሻው ላይ «ከሳሽ በተፈጥሮዋ ግትር በመሆኗ የሽማግሌም ሆነ የካህን ምክር ልትቀበል አልቻለችም» የሚል አገባሁ። ሳነብለት «በተፈጥሮዋ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱን እኔ አላልሁም።»

«አረፍተ ነገሩ እንዲሞላ ነው» አልሁት። «ካልፈለጉት እሰርዘዋለሁ።»

ትንሽ አሰበ። «ደግ ነው፣ ይቀመጥ» አለ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሬ አስፈረምሁትና ሄደ።

የቀጠሮው ቀን የታኅሣሥ መጀመሪያ ነበር። እኔ ብዙ ጊዜ ወደ ችሎት አልገባም፤ የዚያን ዕለት ግን ብርዱ ስላስመረረኝ ገብቼ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። ዳኛው ጸጉራቸው የሸበተ፣ በሰው ወሬ እንደሰማሁት በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው ናቸው። ከሳሺቱ ቀጭን፣ ረጅም፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ነጠላዋን በሐዘን አገልድማ፣ እጇን ከፊቷ አጣምራ ቆማለች። ወንድሟ በግራ በኩል ነው። አይተያዩም።

የችሎቱ ጸሐፊ መልሱን እየጮኸ አነበበ። «በተፈጥሮዋ ግትር በመሆኗ» ከሚለው ሲደርስ ሴትዮዋ እጇን አነሣች።

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል አልገባኝም።»

«የትኛው ቃል?» አሉ ዳኛው።

«ግትር ያሉት።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛውም ፈገግ አሉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ግትር ማለት የማያውቅ ሰው አለ?»

«በመንደር ሲሉኝ አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ። ሰምቼ አልፈዋለሁ። አሁን ግን በመንግሥት ወረቀት ተጽፎ በርስቴ ላይ መጣብኝ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ይነገረኝ። ስድብ ከሆነ እከሳለሁ። ምስክር ከሆነ እመልሳለሁ። ያላወቅሁትን በምን አፌ እመልሳለሁ? ደግሞ በተፈጥሮዋ ይላል። ፈጣሪዬ ግትር አድርጎ ሲያበጀኝ ቆሞ ያየ ሰው ካለ፣ ይምጣና ይመስክር።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀና ብለው «የዚህ መልስ ጸሐፊ አለ?» አሉ።

ሹልክ ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅብኝም ነበር። እግሬም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ወንድሟ ግን በዱላው ጠቆመኝ። «ያ ነው፣ ጌታዬ።»

ወደ ፊት ቀረብሁ።

«ግትር ማለት ምን ማለት ነው?»

«እምቢተኛ ማለት ነው፣ ጌታዬ።»

«እምቢተኛ ማለት ከሆነ እምቢተኛ ብለህ ለምን አልጻፍህም?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ ጣልሁ።

«ቃሉ ከየት መጣ? ምን ከሚል ግሥ ነው የሚወጣው?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«የት ተማርህ?»

መዋሸት አሰኝቶኝ ነበር። «ቤተ ልሔም» አልሁ።

ከኋላዬ ሰው ሲያጉረመርም ሰማሁ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤተ ልሔም ተቀምጦ የቃል ሥር አላውቅም የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ሴትዮዋ ልክ ናት። ሰው ያልገባውን ክስ አይመልስም። ለዛሬ ዐሥራ አምስት ቀን ቀጥሬያለሁ። አንተም መምህርህን ጠይቀህ ትርጉሙን ይዘህ ትመጣለህ። ካልመጣህ ከዚህ አጥር ሥር እንዳትቀመጥ አደርጋለሁ።»

ያን ሰሞን የሆንሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። በማግሥቱ ሣጥኔ ዘንድ ስደርስ ጸሐፊዎቹ «ግትሩ መጣ» ብለው ተቀበሉኝ። ባለጉዳይ ሲመጣ «ወደዚያ ሂድ፣ የዚህ ልጅ ቃል ሳይተረጎም አይገባም» ይሉታል። ብዕሬን አነሣና ቃል በጻፍሁ ቁጥር ሥሩን አላውቀውም እያልሁ አቆማለሁ። «ጠየቀ» ብዬ እጽፍና ጠየቀ ማለት ራሱ ምንድን ነው ብዬ እብከነከናለሁ። ተነሥቼ አጥሩን እዞራለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ደግሞ እነሣለሁ። ትርጉሙን ማግኘቱ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ሳልሰናበታቸው ጥያቸው የሄድሁትን ሰው ደጅ እንደገና መርገጥ ነው። ስምንት ቀን እንዲህ ከረምሁና በዘጠነኛው ቀን በሌሊቱ ሳይሆን ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ወደ ቤተ ልሔም ተነሣሁ።

ገብስ ገና ተወቅቶ ያላለቀበት ወቅት ነው። ከአንድ አውድማ አጠገብ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሬዎቹን እያዞሩ ሲያበራዩ ደረስሁ። ከመሐል አንድ ወይፈን ነበረበት። አራት ጊዜ ዞሮ ይቆማል። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ዓይኑን ያፈጣል። ሽማግሌው አይመቱትም፤ ቆመው ይጠብቁታል።

«አባቴ፣ ይኸን ወይፈን ምን ይሉታል?» አልኋቸው።

«ግትር ነው እንጂ ምን እለዋለሁ።»

«ለምን ግትር አሉት?»

እንደ እብድ አዩኝ። «አንገቱን አታይም? ገትሮት ቆሟል።»

«ሲወለድም እንዲህ ነበር?»

ሣቁ። «ሲወለድማ እንደማንኛውም ጥጃ ሲቦርቅ ነው ያደገ። አንገቱን መገተር የጀመረ ገመድ ስናስርበት ነው።» ከዚያ ጭብጥ ገብስ ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገብሱን እያሸሁ ስሄድ ነገሩን በከፊል ያወቅሁት መሰለኝ፤ ጥቂት ስሄድ ደግሞ ጠፋብኝ። ወይፈኑ አንገቱን የገተረው ራሱ ነው፤ እንግዲህ ወንድምየው ልክ ነው ማለት ነው? ከገመዱ በፊት ግን ይቦርቅ ነበር። አሁን ልክ ማን ነው? ከራሴ ጋር እየተሟገትሁ አንዱን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣሁት፤ ወደ ንፋስ መውጫ ልመለስ ብዬ ወርጄ፣ እንደገና ሐሳቤን ለውጬ።

ቤተ ልሔም የደረስሁት በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው። የኔታ ከጽድ ዛፉ ጥላ ሥር፣ እንደ ድሮው፣ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ለሁለት ተማሪዎች ቀለም ይነግራሉ። ቀርቤ ጉልበታቸውን ልስም ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ማን ነህ?»

አላወቁኝም ለማለት አልችልም። ድምፄን ገና ከበሩ ላይ ሰምተው አንገታቸውን ዞር ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ። የእስቴው።»

«የእስቴው ልጅ ከሄደ ቆየ። ሲሄድም አልነገረኝም» አሉና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ከየት ነበር ያቆምነው?»

ቆሜ ጠበቅሁ። ሲመሽ ተነሥተው ገቡ። ያሳደሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው፤ ለምነው ካመጡት ቁራሽ አካፈሉኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። የኔታ ሲወጡ እቆማለሁ፣ ሲገቡ እቆማለሁ፤ እንደ ግድግዳ ያልፉኛል። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስለማልችል የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እዞር ነበር። ስንት ጊዜ እንደዞርሁ ተማሪዎቹ ቆጥረው እየሣቁ ነገሩኝ። ቀጠሮው እየቀረበ ነው። ጥሎ መሄድ ነው የሚሻለኝ ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ወንዙ ወርጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የመለሰኝ የዚያች ሴት አቋቋም ነው። እጇን አጣምራ፣ አንድ ቃል አልገባኝም ስትል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የኔታ ከዕቃ ቤት አንድ ከበሮ አስወጡ። የልደት በዓል ተቃርቧል፤ የከበሮው ጠፍር ላልቶ ድምፁ ታፍኗል። ዘርግተው መፍታት ጀመሩ። ተማሪዎቹ ለልመና ወጥተዋል። ግራ ቀኝ አዩና ከኔ በቀር ሰው አጡ።

«አንተ» አሉኝ። «እግርህ ከሚዞር እጅህ ይሥራ። ና፣ ያዝ።»

ተንደርድሬ ሄጄ ከበሮውን በጉልበቴ መሐል ያዝሁ። ጠፍሩን አንዱን ጫፍ ሰጡኝ፤ አንዱን እሳቸው ያዙ።

«ግተር!» አሉኝ።

ቃሉን ከአፋቸው ስሰማ ጠፍሩን እንደያዝሁ አንዴ ቆም ብዬ ቀረሁ።

«ግተር እንጂ! ምን ያፈዝዝሃል?»

ገተርሁ። እሳቸውም በወዲያ በኩል ገተሩ። ጠፍሩ በሁለታችን መሐል እንደ ክራር ጅማት ቀጥ አለ። በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጠንክሯል። ያን ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ጀምሮ እስከ አውድማው የሆነውን ሁሉ ዘረገፍሁት። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«በግእዝ መጽሐፍ አትፈልገው» አሉኝ ስጨርስ። «በመጽሐፍ አንገተ ደንዳና የሚል ታገኛለህ፤ እሱ ሌላ ነው። ይኸ የገመድ ቃል ነው፤ የጠፍር፣ የድር፣ የጅማት። ገተረ ማለት ሳበ፣ ወጠረ ማለት ነው። አሁን የያዝኸው ምንድን ነው?»

«ጠፍር።»

«እንዴት ያለ ጠፍር?»

«ግትር ጠፍር።»

«ራሱን ነው የገተረው?»

«የለም። እኔና እርስዎ ነን።»

«ስብር ያለ ሰባሪ ይኖራል?»

«አይኖርም።»

«ቁርጥስ ያለ ቆራጭ?»

«አይኖርም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ግትር ያለ ገታሪ ከየት አመጣህ? በተፈጥሮዋ ብለህ ስትጽፍ ገታሪውን ደበቅኸው።» ጠፍሩን ቋጠሩና ትክ ብለው አዩኝ። «ሴትዮዋን አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ሲስቧትስ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«አንዱን ጫፍ ብቻ አይተህ ጻፍህ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ቃሉ አልተናገሩም። ከበሮውን አብረን ጨረስን። ልሄድ ስነሣ እግራቸው ላይ ወድቄ ያለ ስንብት ስለ መሄዴ ይቅርታ ለመንሁ። ይፍታህ እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። «ችሎቱን ጨርሰህ ስትመለስ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቶሎ አልተመለስሁም። ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ፤ በክረምቱ ማረፋቸውን ሰው ነገረኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ውስጤን ይቆፍረኛል።

ንፋስ መውጫ የተመለስሁት ለቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ወንድምየው ከከተማው መግቢያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ደክሞታል።

«ምን አሉህ?»

ነገርሁት። ሳልደብቅ ነገርሁት።

«እኔስ?» አለኝ። «አባታችን ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ ያገላበጥሁ እኔ ነኝ። ያቺን መሬት ድንጋዩን ለቅሜ፣ እርከን ሠርቼ፣ እርሻ ያደረግኋት እኔ ነኝ። እሷ እስቴ ትዳሯ ላይ ነበረች። አሁን መጥታ ከመሐል ቁረጥልኝ ስትለኝ እኔስ አልተገተርሁም? ይኸን የሚጽፍልኝ ሰው የለም?»

ይህን አስቀድሞ አስጽፎኝ ቢሆን ከነበረው ሁሉ የሚሻል መልስ ይወጣው ነበር። እሱ ግን ያን ዕለት «ይኸው ነው» ብሎ ነው የቆመው፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

«ነገ ይንገሩት» አልሁ።

«ነገ አንተ ነህ የምትናገረው» አለና ዱላውን ይዞ ተነሣ።

በማግሥቱ ችሎቱ ጢም አለ። ነገሩ በገበያው ተወርቶ፣ ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር መጥቷል። ዳኛው ሌላውን ሁሉ አቆይተው የኛን አስቀደሙ።

«እሺ፣ ተማሪ። ቃሉን አመጣህ?»

«አምጥቻለሁ፣ ጌታዬ።» አንድ እርምጃ ቀረብሁ። «ግትር ገተረ ከሚለው ይወጣል። ገተረ ማለት ሳበ፣ ወጠረ ነው። ስብር ሰባሪ አለው፤ ቁርጥ ቆራጭ አለው፤ ግትርም ገታሪ አለው። ሳይስቡት የሚገተር ገመድ የለም። ስለዚህ በተፈጥሮዋ ከሚለው ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም። በተፈጥሮዋ የሚለውን ደግሞ ተከሳሽ አላሉም። አረፍተ ነገር ለማሳመር የጨመርሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ።

ወንድሟ ወደ ፊት ወጣ። «በንጉሥ አምላክ፣ ጌታዬ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ! እኔ አልተማርሁም። ግን ብልጥ የሚሉት ቃል አለ። እገሌ ብልጥ ነው ስንል፣ ማን በለጠው ልንል ነው? ራሱ አይደለም የሚበልጠው? ብልጥ በራሱ ብልጥ ከሆነ፣ ግትርስ በራሱ ግትር ቢሆን ምን ያግደዋል?»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው!» አለ። ቃሉ ከዚያው ሸማ የተቀደደ ነው፤ ስብር፣ ቁርጥ፣ ግትር፣ ብልጥ። የየኔታ ትምህርት በአንድ ገበሬ ጥያቄ ሲፈርስ በዓይኔ አየሁት። ዳኛውም ወደኔ አዩ።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ወንድም ዓለም እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። ብልጥ ራሱ ነው የሚበልጥ። ግን የሚበለጥለት ሰው ከሌለ ማንን ሊበልጥ ነው?» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ብልጡ አንተ ነህ፤ የተበለጥሁት እኔ ነኝ።»

አንድም ሰው አልሣቀ። ወንድሟ እንደ ልማዱ መሬት መሬት አየ። ዳኛው ወረቀቱን አንሥተው «በተፈጥሮዋ» የሚለውን በቀይ ቀለም ሰረዙት፤ የብዕሩ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«አንተ ሰው፣ ቃሉን ያመጣኸው አንተ ነህ። እንግዲህ መልስልኝ። እኅትህን ማን ገተራት?»

«ገመዱን የያዝነው ሁለታችንም ነን፣ ጌታዬ» አለ። «እኔም እጄ ተላልጧል።» ከዚያም ለኔ መንገድ ላይ የነገረኝን ሁሉ፣ የአባታቸውን መታመም፣ የድንጋዩን ለቀማ፣ ለዳኛው ነገራቸው። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ስለ አባቷ ሲናገር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሣ አይቻታለሁ።

ዳኛው የዚያን ዕለት አልፈረዱም። ከአገራቸው ከወገዳ ሁለቱም የሚያምኗቸውን ሽማግሎች እንዲመርጡ አድርገው፣ መሬቱን እዚያው አይተው እንዲያካፍሉ አዘዙ። ሽማግሎቹ ከውቂያ በኋላ ወጡ። ወንድምየው ያለማውን የታችኛውን እርሻ ለሱ ተዉለት። ለሷ የላይኛውን፣ ድንጋይ የበዛበትን ግን ሰፋ ያለውን ሰጧት። ሁለቱም ቅር እንዳላቸው ሰማሁ። ቅር እያላቸው ተቀበሉ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ንፋስ መውጫ አልበረከትሁም። ማንም አላባረረኝም፤ ዳኛው እንዲያውም በችሎቱ መዝገብ ቤት እንድሠራ ጠይቀውኝ ነበር። ነገር ግን ባለጉዳዩ ሸሸኝ። የራሱን ወረቀት ፊት ለፊት ቆሞ የሚያፈርስ ጸሐፊ ማን ይፈልጋል? እኔም ቢሆን ብዕር በያዝሁ ቁጥር የሌላውን ጫፍ ማን ይዞታል እያልሁ መጨነቅ አልተውሁም። አንድ ማመልከቻ ለመጻፍ ባለጉዳዩን ግማሽ ቀን እጠይቀዋለሁ፤ ሰልችቶት ተነሥቶ ይሄዳል። በሚያዝያ ሣጥኔን ለአንዱ ጸሐፊ ሰጥቼ ተነሣሁ። እስቴ ገባሁ፣ ከእስቴ ደብረ ታቦር ሄድሁ፣ ሕፃናት ፊደል አስቆጠርሁ፣ ለአንድ ነጋዴ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሁሉንም ጀምሬ ተውሁት።

ከሦስት ዓመት በኋላ በገበያ ቀን ወገዳ አልፍ ነበር። ከበርበሬ ተራው አጠገብ አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ። ወንድምየው ነው። ሸብቷል፤ ግን ሰውነቱ ዳብሯል። ወደ አንድ ጠላ ቤት ወሰደኝና ቁጭ አልን። ስለ እኅቱ ሳልጠይቀው ራሱ ጀመረ።

«ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን እንኳ እሷ በአንዱ በር ስትገባ እኔ በሌላው እወጣ ነበር፤ እንዲያ ነው የተኳረፍነው። ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ፣ አንዱ በሬዬ ገደል ገባ። ዝናቡ ጥሏል፣ እርሻው ደርሷል፣ የማቀናጀው የለኝም። ሰው ዘንድ ሄጄ አልለመንሁም፤ እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስወጣ በሬዋን ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች።»

«ምን አለችዎት?»

«ምንም። ገመዱን ሰጠችኝ። አቀናጀሁና ማረስ ጀመርሁ። እሷም ከኋላዬ ጓል ስትከሰክስ ዋለች። ሲመሽ ነገ ደግሞ የኔን ላይኛውን እናርሳለን አለችኝ። አረስን።» ጠላውን ጨለጠና ዋንጫውን አስቀመጠ። «ያ የላይኛው መሬት፣ ድንጋይ ነው ብለን የናቅነው፣ ዘንድሮ ምስሩ እንዴት ያለ መሰለህ! ከኔ ይበልጣል።»

ቤቱ ሄጄ እንዳድር ለመነኝ። እሷንም እንዳያት ፈለገ። እሺ ብዬው ነበር። ገበያው ሲበተን ግን እግሬ እንደ ልማዱ ማሳከክ ጀመረ፤ ነገ እመጣለሁ ብዬው የእስቴን መንገድ ያዝሁ።